ያልተሰነጠቀው ጭቃ

ሰውየው ሞቶ ሳለ ተጨበጨበለት። ያውም በዋዛ አይደለም፤ የጋለሪው ጣሪያ ሊነሣ ምንም አልቀረውም፤ የጎረቤት ውሾች እንኳ ደንግጠው ሰፈር ሊቀይሩ ተነሥተው ነበር።

አጨብጫቢዎቹ ምን ያድርጉ? የሠዓሊው ሥራ እንዲህ ነበር፦ ከጠጉሩ እስከ ጥፍሩ በሸክላ ጭቃ ተለስኖ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል፤ ጭቃው እስኪደርቅ ሳይነቃነቅ ይቆያል፤ በመጨረሻ ብድግ ሲል ጭቃው ከላዩ ይረግፋል። ሥራው የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው። ያን ዕለት ግን ብድግ አላለም። ተመልካቹ ጠበቀ። አሁንም ጠበቀ። በኋላ አንድ ባለ መነጽር «አለመነሣቱ ነው ሥራው» ብሎ ሹክ አለ። ይህን የሰማ ሁሉ፣ ቀድሞ የገባው ለመምሰል እየተሽቀዳደመ አጨበጨበ። የሠዓሊው ሚስት የባሏን እጅ ይዛ ስትጮህ እንኳ «ይቺም ጎበዝ ናት» ያለ አልጠፋም።

ወንፊቱ የተጠራው ከዚህ በኋላ ነው።

ወንፊቱ መርማሪ ነው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ እውነቱ በሱ ሲያልፍ እንክርዳዱ ላዩ ላይ ይቀራል ለማለት። በዚያች ከተማ የወንፊቱን ስም ሰምቶ ጉንፋን ያልያዘው ሌባ አይገኝም። አንድ ጊዜ ገበያ መሐል ስላስነጠሰ ብቻ ሁለት ቀማኞች እጃቸውን እንደ ሰጡ ይወራል፤ የሚያወራው እሱ ራሱ ቢሆንም ወሬው ወሬ ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈራው ጀግና ግን ቤቱ ውስጥ አንድ ጠላት ነበረው። እሱም ሟቹ ነው። የወንፊቱ ሚስት ከሥራ መልስ ጋለሪ ለጋለሪ መዞር፣ ወንበሩ በሚንቋቋ ትንሽ አዳራሽ ፊልም ማየት፣ የቀረውን ደግሞ በስልኳ ከየድረ ገጹ መልቀም ከጀመረች ወዲህ እራት ሲቀርብ አብሮ የሚቀርበው የሠዓሊው ወሬ ሆነ። «ዝም ብሎ ተኝቶ እንዴት እንደሚያናግርህ ብታይ» ትለዋለች።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገብሽ ዝም ብዬ ስተኛ አናግሬሽ አላውቅም?» ይላል ወንፊቱ።

«አንተማ ታንኮራፋለህ።»

እንግዲህ ጋለሪው በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያያት እሷን ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እያየሁ ነበር። ሲሞት መሰለኝ ያየሁት። እኔም እኮ አጨብጭቤያለሁ።»

በሬ የሚያስገለብጥ መልስ አፉ ላይ ነበረ፤ ዋጠው። ገባ።

ሬሳው እንደ ተጋደመ ነው። የሠዓሊው ደረት ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ፣ ከምድጃ እንደ ወጣ ሸክላ ልሙጥ ሆኗል። ከከንፈሩ ጥግ እስከ ጆሮው ድረስ ውኃ የቦረቦረው ቀጭን ቦይ ይታያል። ወንፊቱ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ሊገባ ሞከረ፤ ሆዱ እምቢ አለ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ አጥብቆ ተሹለከለከ። በግድግዳው በኩል ያለው የሠዓሊው ጎን ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ከብብቱ እስከ ተረከዙ አንድ ሁለት ቦታ ከመለከፍ በቀር ጭቃ አልነካውም። ተመልካቹ በፊት ለፊት፣ ከገመድ ወዲያ ስለሚቆም ይህን ያየ ሰው የለም።

ሲመለስ እግሩ ትርኢቱ የተቀረጸበትን የካሜራ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ነካ። ጎንበስ አለ። በጠረጴዛው በኩል ያሉት ሁለቱ እግሮች ላይ የጭቃ ፍንጣሪ ደርቋል፤ ወለሉም ዙሪያውን ተረጭቷል። ማቆሚያውን ከፍ ሲያደርገው ግን እግሮቹ ያረፉበት ቦታ ንጹሕ ነው።

«ምን አገኘህ?» አለው አብሮት የመጣ ፖሊስ።

«ጭቃ» አለ ወንፊቱ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ። ሠዓሊውን የገደለው ከመጠን ያለፈ የልብ መድኃኒት ነው። የመድኃኒቱ ዓይነት በጋለሪው ባለቤት መሳቢያ ውስጥ ያለው ነው፤ እሷ ልቧን ያማታል፣ መሳቢያውም አይቆለፍም። መድኃኒቱ ደግሞ ሚስቲቱ ለባሏ በማንኪያ ውኃ ስትሰጥ ከነበረበት ጆግ ውስጥ ተገኝቷል።

አለቃው ይህን ሲሰማ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ተንሳፈፈ። «አለቀ እኮ! ሚስቲቱ ናት። ያን ሁሉ ሰው አስቀምጣ በማንኪያ ገደለችው። ባለፈው ሳምንትም በሰው ፊት ‹አንድ ቀን ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አትነሣም› ብላዋለች አሉ። አምጣት።»

«የምታጠባው ልጅ አላት» አለ ወንፊቱ።

«ልጁን እናቷ ትይዛለች።»

«እስከ ከሰዓት ጊዜ ስጠኝ።»

«ከሰዓት ድረስ። ከዚያ ወዲያ በገዛ እጄ ነው የማስራት።»

ወንፊቱ ወደ ጋለሪው ተመለሰና ሚስቲቱን ቢሮ ውስጥ አስቀመጣት። ሕፃኑ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ከጥፍሮቿ ሥር የድሮ ጭቃ አለ።

«ሁልጊዜ የምለስነው እኔ ነኝ» አለች። «ትናንት ግን ተኳርፈን ስለነበር አርፍጄ መጣሁ። ስደርስ ተለስኖ ተጋድሟል።»

«ማን የለሰነው መሰለሽ?»

«እሷ ናታ!» አለች ወደ ጋለሪው ባለቤት ክፍል በአገጯ እየጠቆመች። «ካገኘችው ቀን ጀምሮ ‹የኔ ሠዓሊ› እያለች ነው የምትጠራው። የኔ! እኔ የልጁ እናት እንኳ የኔ ብዬው አላውቅም። ውስጤ አረረ። ግን ጭቃ ከነካው ወዲያ ቃል የለም፤ አያናግሩትም፣ አይናገርም። ደንቡ ነው። ስለዚህ ንዴቴን ውጬ ራስጌው ተቀመጥኩ።»

«ከዚያ ውኃ ሰጠሽው።»

«በማንኪያ። አልጠጣም። በጉንጩ እየወረደ ፈሰሰ። አሁንም አኩርፎኛል ብዬ በየማንኪያው በልቤ ስሰድበው ነበር።» ሕፃኑን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። «ሲሰደብ ሞቶ ነበር ማለት ነው?»

ወንፊቱ «ገላው ሲነካሽ አልቀዘቀዘሽም?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

«ጭቃ መቼ ሞቆ ያውቃል?»

የጋለሪው ባለቤት አንገቷ ላይ እንቁላል የሚያካክል ጨሌ ያሰረች፣ ስትቀመጥ እንኳ ለፎቶ የምትቀመጥ የምትመስል ሴት ናት።

«መድኃኒቱ የርስዎ ነው፣ እመቤት።»

«የኔ ነው። ቢሮዬ ውስጥ ገብቶ ሻይ ያላፈላ ማን አለ? ሚስቱም ትገባለች።»

«ሠዓሊውን ማን ለሰነው?»

«እሷ ነቻ። ሁሌም እሷ ናት።»

«ሲለሰን አይተዋል?»

«በር ልከፍት ስል ከሩቅ ተጋድሞ አየሁት፤ ተመለስኩ።»

«ለምን አልቀረቡም?»

ሴትዮዋ ጨሌዋን አንድ በአንድ ነካካች። «የሷ እጅ ያረፈበትን ማየት አልወድም» አለች በመጨረሻ። «ማንም ሳያውቀው ያገኘሁት እኔ ነኝ። ግን ቀድማ ያገኘችው እሷ ናት። ምን አደርጋለሁ?»

ቀራፂው የመጣው ሳይጠራ ነው። የሟቹ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ መዳፉ አካፋ ያህላል፤ ሲጨብጡት እጅ ሳይሆን ግንብ የጨበጡ ያህል ይሰማል።

«ጭቃውም የኔ፣ ሐሳቡም የኔ ነበር» አለ ገና ሳይቀመጥ። «እኔ ሰው በጭቃ ልለስን ነው ስለው ሳቀ። በወሩ ራሱ ተለስኖ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አዎ፣ ቀንቻለሁ። ጻፈው።»

«አልጽፍም፤ አስታውሳለሁ። ጭቃውን ለማን ሰጠህ?»

«ትናንት ጠዋት ጓሮ በር ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ፊቱን ማየት አልፈለግኩም። ማታ ግን ለልጁ ብዬ ጫማ ገዝቼ ነበር፤ እንግዲህ ሰው እንዲህ ነው።»

ወንፊቱ በግድግዳው በኩል የተነሣውን የሬሳውን ፎቶ አሳየው። ቀራፂው አንዴ አየና ፊቱን አኮሳተረ። ማኮሳተሩ የቅናትም የሐዘንም አልነበረም፤ ያልበሰለ ምግብ የቀረበለት ወጥ ቤት ዓይነት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው? ግማሽ ሰው! ይህን የሠራው ሰው ዞሮ አያውቅም።»

የቀረው ቪዲዮ አንሺው ነው። የሠዓሊውን ሥራዎች ሁሉ የሚቀርጸው፣ የጋለሪውንም ድረ ገጽ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ወንፊቱ ሲፈልገው በስተኋላ ባለው ጨለም ያለ ክፍል ገባ። እዚያ አንድ ፊልም ለባዶ አግዳሚ ይታያል። እግሩን ለማሳረፍ ተቀመጠ። ፊልሙ የሚያሳየው አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎችን ጫማ ብቻ ነው። የተረገጠ ጫማ፣ የሚጣደፍ ጫማ፣ ደግሞ ከሁሉ ቀርታ ዝናብ የጀመራት አንዲት ቀይ ጫማ። ወንፊቱ ሌባ ሲያባርር እንኳ እንዲህ ልቡ አልመታም። ለምን እንደሆነ አላወቀም እንጂ፣ ቀይዋ ጫማ አውቶቡስ እንድታገኝ ሊጸልይ ምንም አልቀረውም።

«እስከ መጨረሻው አዩት?» አለው አንድ ድምፅ ከበሩ።

«ቀይዋ የት ሄደች?»

ቪዲዮ አንሺው በሩን ተደግፎ ቆመ። ቀጭን፣ ልብሱ ሁሉ ጥቁር የሆነ ወጣት ነው። «የኔ ፊልም ነው። ከርስዎ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። «ሰው ሁሉ እሱን ሊያይ ሲመጣ በዚህ በር ያልፋል። መጸዳጃው ወዲያ ስለሆነ።»

ወንፊቱ አዘነለት። ማዘኑ ራሱን አስገረመው፤ ልጁ ያለበትን ቦታ ያውቀዋል። እሱም ሁለት ወር ሙሉ በገዛ ገበታው ላይ በመጸዳጃ መንገድ ላይ ያለ ክፍል ሆኖ ነው የከረመው።

«ካሜራህን መቼ ተከልክ?»

«ተለስኖ ካበቃ በኋላ። ስገባ ሚስቱ ጨርሳ ወጥታ ነበር።»

«አየሃት?»

«አላየኋትም። ግን ከሷ ሌላ ማን ይለስነዋል?»

በምሳ ሰዓት ወንፊቱ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። አላኮረፈም፤ አጠገቧ ተቀመጠና «እስቲ አሳዪኝ» አላት። ይህን ቃል ከሱ አፍ ለመስማት ሁለት ወር ጠብቃለች፤ ግን ኩራቷ ስላለ ቀስ ብላ ነው ወደሱ ዞር ያለችው።

በድረ ገጹ ላይ ያለፈው ዓመት ትርኢት አለ። ሲጀምር የሚስቲቱ እጆች ጭቃውን ሲለስኑ ይታያል፤ ጣቶቿ ባሏን ሳይሆን እርሻ የሚያርሱ ይመስላሉ። ከዚያ ካሜራው ደረቱ ላይ ይቆማል።

«ይቺን ነው የምወዳት» አለች ሚስቱ። «ተመልከት። ጭቃው እየደረቀ ሲሄድ ትንፋሹ ይሰነጥቀዋል። መጀመሪያ እንደ ፀጉር ቀጭን፣ ከዚያ እንደ ክረምት ያጣ መሬት። እኔ እኮ እሱን አልወደድኩትም፤ ስንጥቁን ነው።»

ወንፊቱ ከደረቱ ላይ ወፍጮ የተነሣለት ያህል ቀለለው። ቀልሎት ግን አልቆየም። «ትናንት ተሰነጠቀ?» አላት።

ሚስቱ እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በጋለሪው ዋና አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሚስቲቱ ሕፃኗን ታቅፋ ጥግ ላይ፣ የጋለሪው ባለቤት ወንበር ላይ፣ ቀራፂው ግድግዳ ተደግፎ፣ አለቃው እጁን ኪሱ ከቶ። የወንፊቱ ሚስትም በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ማንም ውጪ አላላትም። ወንፊቱ ቪዲዮ አንሺውን የአምናውንና የትናንቱን ፊልም ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ እንዲያሳይ ጠየቀው። ልጁ ገመዱን ሰካካ፤ ሁለት ደረቶች ግድግዳው ላይ ተጋደሙ።

«እኔ ስለ ሥነ ጥበብ የማውቀው ዛሬ የተማርኩትን ነው» አለ ወንፊቱ፤ ይህን ያህል ትሕትና ከሱ ሲወጣ ያየ ባልደረባው ሳያመው ሐኪም ቤት ሊወስደው አሰበ። «ቢሆንም ተመልከቱ። የአምናው ደረት እየደረቀ ሲሄድ ተሰነጠቀ። የትናንቱ እንደ ድስት ልሙጥ ነው። ትንፋሽ ያለበት ጭቃ ሳይሰነጠቅ አይደርቅም። ሠዓሊው ጭቃው ሲደርቅ እስትንፋስ አልነበረውም። በሩ ሲከፈት ሞቷል።»

«ታዲያ ጆጉስ?» አለ አለቃው።

«የሞተ ሰው ውኃ አይጠጣም። ጉንጩ ላይ የቦረቦረውን ቦይ አይታችኋል፤ በማንኪያ የሰጠችው ሁሉ በዚያ ነው የፈሰሰው። እና መድኃኒቱ ጆጉ ውስጥ የተገኘው ሊገድለው አይደለም፤ ሌላ ሰው ሊያሳስር ነው።»

ሚስቲቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የጋለሪው ባለቤት ከወንበሯ ተነሥታ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ሁለቱም አልተያዩም።

«ከመለሰኑ በፊት ሞቷል ማለት፣ የለሰነው ሰው ሬሳ ነው የለሰነው ማለት ነው» አለ ወንፊቱ። «ማን ለሰነው? ሚስቲቱ የጋለሪው ባለቤት ናት አለች፤ የጋለሪው ባለቤት ሚስቲቱ ናት አለች። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ቀንተዋል። የሌላዋን እጅ ላለማየት ሲሉ አንዳቸውም ጭቃውን ልብ ብለው አላዩም። ገዳዩ ይህን ያውቅ ነበር። ጭቃ ከነካው ወዲያ ቃል የለም የሚለውንም ደንብ ያውቃል፤ ስለዚህ ሬሳውን ሰው መሐል አጋደመው። በዚህች ምድር ላይ ሰው ሁሉ እያየው የማይታይ ሬሳ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው።»

«ቀራፂው ነዋ» አለ አለቃው።

«እኔ ግማሽ ሰው አልሠራም» አለ ቀራፂው።

«አይሠራም» አለ ወንፊቱ። «የሱ ሥራ ዙሪያውን የሚዞሩት ነው፤ ቢጣደፍ እንኳ እጁ ይዞራል። የሠዓሊው ግድግዳ ወገን ግን ጭቃ አልነካውም። የተለሰነው ከአንድ ቦታ የሚታየው ብቻ ነው። ከየት ቦታ? ካሜራው ከቆመበት። ይህን የሠራው ሰው ሁሉን ነገር የሚያየው በክፈፍ ውስጥ ነው። ከክፈፉ ውጪ ያለ ነገር ለሱ የለም።»

ማንም ወደ ቪዲዮ አንሺው አልዞረም፤ እሱ ግን የሁሉም ዓይን ያረፈበት ያህል አንገቱን ደፋ።

«ካሜራዬን የተከልኩት ተለስኖ ካበቃ በኋላ ነው ብዬዎታለሁ» አለ።

«ብለኸኛል። ማቆሚያው እግር ላይ ግን ጭቃ ተፈናጥሯል፤ እግሮቹ የቆሙበት ወለል ደግሞ ንጹሕ ነው። ጭቃው ሲረጭ ማቆሚያህ እዚያው ነበር። አንተም ነበርክ። የአምናው ፊልምህ የሚጀምረው በመለሰኑ ነው፤ ከስንጥቁ ቀጥሎ የሚያምረው እሱ ነው። ትናንት ያን ለምን አልቀረጽክም? ካሜራ አጠገቡ ቆሞ ያንን የሚተው ቪዲዮ አንሺ የለም፤ የሚለስነው የራሱ እጅ ካልሆነ በቀር።»

ግድግዳው ላይ የአምናው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፤ የትናንቱ ዝም ብሏል።

«ከሌላ ከተማ ሙዚየም ጽፈው ነበር» አለ ቪዲዮ አንሺው ቀስ ብሎ። «ድረ ገጹ ላይ ሥራውን አይተን ተደንቀናል ይላሉ። ያዩት እኮ የኔን ፊልም ነው። ስንጥቁን ማን አቀረበው? እሱ እንኳ ደረቱ እንደሚሰነጠቅ ያወቀው እኔ ካሳየሁት በኋላ ነው። የጠሩት ግን እሱን። ‹አንተም ና፣ ካሜራ የሚይዝ ያስፈልገኛል› አለኝ። ካሜራ የሚይዝ! ሻይ እንዳፈላለት እያዘዘኝ ነበር ይህን ያለኝ።»

«ሻዩን ያፈላህለት አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አለ።

«ለመሆኑ እሷ ምን አድርጋህ ነው?» አለ ቀራፂው ወደ ሚስቲቱ እያመለከተ። «ጆጉ ውስጥ የጨመርከው።»

ልጁ፣ እውነቱን ለመናገር ስለሷ አስቦ አያውቅም፤ ከክፈፉ ውጪ ነበረች።

ሲወስዱት በወንፊቱ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ። «ፊልሙ መጨረሻ ላይ ስሜ አለ» አለው። «አዩት?»

«ጫማዋን ሳስብ አመለጠኝ» አለ ወንፊቱ። መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም።

ሰዉ ሲበተን ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። «በሞተ ሰው ቀንተህ ነበር አይደል?»

«እኔ? እኔ እንኳን በሰው በፀሐይም አልቀናም።»

«ታንኮራፋለህ ስልህ እንደ ቀለድኩ ታውቃለህ?»

«አላንኮራፋም ማለት ነው?»

«እሱንስ ታንኮራፋለህ።»

እየሳቀች ወደ መውጫው ስትሄድ ወንፊቱ አልተከተላትም። በመጸዳጃው መንገድ ባለችው ክፍል በር ላይ ቆሞ ጠራት። ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጫማዎቹ መጡ፣ ሄዱ፤ ዝናቡ ወረደ፤ ቀይዋ ብቻዋን ቀረች። ሚስቱ እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ፊልሙ ሲያበቃ ከልማዷ ልትነሣ ስትል ወንፊቱ በክንዷ መልሶ አስቀመጣት። ግድግዳው ጠቆረ፤ በመጨረሻ አንድ ስም ብቅ አለ፣ ትንሽ፣ ወደ ታች ጥግ።

«የማን ነው?» አለች።

ወንፊቱ ስሙን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። ማንም ያላጨበጨበለት ስም ነበረ፤ እነሱም አላጨበጨቡም።